የሰማይ ድንጋይ ሐራጅ

ከሰማይ የወረደው ድንጋይ ከአቶ ሠረቀብርሃን ቤት የተሰረቀው ዋጋው ማንም ያላለመው ደረጃ ላይ በደረሰበት በዚያው ከሰዓት በኋላ ነበር። የልጅ ልጃቸው ሔራን የምሥራቹን ይዛ ከየካ ሚካኤል አቀበቱን እየሮጠች ስትወጣ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ሽማግሌው ደጃፉ ላይ ተዘርረዋል። ከጆሯቸው በላይ ደም ይወርዳል። ጎንበስ ብላ አዳመጠች። ትንፋሻቸው አለ።

ኢንስፔክተር መዓዛ እና ሳጅን ቀነኒሳ ሲደርሱ ጎረቤቶች ሽማግሌውን በቃሬዛ ተሸክመው ወደ ሆስፒታል አውርደዋቸው ነበር። ቤቱ በእንጦጦ ተዳፋት ላይ፣ ባሕር ዛፍ የከበበው ጎድጓዳ ቦታ ውስጥ ተቀምጧል። መዓዛ ስልኳን አወጣችና ወደ ጣቢያ ልትደውል ሞከረች። ምንም የለም።

"እዚህ ኔትወርክ አይሠራም" አለች ሔራን ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች። "ለዚህ እኮ ነው ሁላችንም ወደ ሚካኤል የወረድነው። ሐራጁ ሲዘጋ ለማየት።"

ቤቱ ውስጥ የተተራመሰ ነገር አልነበረም። ሬዲዮው ቦታው ላይ ነው፤ ሣጥኑ አልተነካም። በመስኮቱ ሥር ያለው የእንጨት ጉማጅ ብቻ ባዶውን ቀርቷል። ብዙ ዘመን ከባድ ነገር ስለተሸከመ መሐሉ ጎድጉዷል።

"እዚህ ላይ ነበር የሚቀመጠው?"

"አዎ።"

"ትልቅ ነው?"

"ኧረ አይደለም! ትንሽ ድፎ ዳቦ ቢያክል ነው። ክብደቱ ግን ሌላ ነው። መጀመሪያ የሚያነሣው ሰው ሁሉ ይደነግጣል። እንደ ማንኛውም ድንጋይ በአንድ እጁ ሊያነሣ ይጎነበስና፣ ድንጋዩ እምቢ ይለዋል።"

ታሪኩን የነገረቻት እዚያው ቆመው ነው። አቶ ሠረቀብርሃን ገና ልጅ ሳሉ ከአባታቸው ጋር ገብስ ማሳ ውስጥ ነበሩ። ቀትር ላይ፣ ፀሐይ ጠራርታ ሳለ፣ ሌላ ፀሐይ ከሱሉልታ በኩል መጣች። ድምፁ ዘግይቶ ደረሰ፤ በሬዎቹ ተንበረከኩ። ከዚያ ወዲህ ድንጋዩ የቤቱ ሰው ሆኖ ኖረ። ሰሞኑን አንድ የጠፈር ምርምር ባለሙያ አይተውት ብረት መሆኑን፣ ምድር ከመሠራቷ በፊት የነበረ መሆኑን በጽሑፍ አረጋግጠውላቸዋል።

"ታዲያ ለምን ሊሸጥ ወጣ?"

"ዓይናቸው" አለች ሔራን። "አሁን የሚያዩት ጥላ ብቻ ነው። ሐኪሙ ቀዶ ጥገናው ከዘገየ ጥላውም ይጠፋል ብሎናል። እኛ ደግሞ አቅሙ የለንም። ስለዚህ 'ማን ይጨምር' በሚባለው የኦንላይን ሐራጅ ላይ እኔ አወጣሁት። መጀመሪያ ሰው ይስቃል ብዬ ነበር። ኢንስፔክተር፣ ዋጋው ሲወጣ ብታዩት! ሰው ከየት እንደሚመጣ አይታወቅም። ከጎንደር፣ ከጅማ፣ ከሐዋሳ። ሁሉም ሳያውቁት የሚፈልጉት ነገር ነበር የሚመስለው።"

"የዛሬውን መውረዳችሁን ማን ያውቅ ነበር?"

ሔራን አንገቷን ደፋች። "ሁሉም። ገጹ ላይ ጽፌዋለሁ። ቤታችን ኔትወርክ የለውም፤ ሐራጁ ሲዘጋ ቤተሰቡ በሙሉ የካ ሚካኤል ነው፤ እዚያ ደውሉልን ብዬ። አባባም አብረውን ሊወርዱ ነበር። ጉልበታቸው እምቢ ሲላቸው ከመንገድ ተመለሱ።"

*

አቶ ሠረቀብርሃን በማግሥቱ ረፋድ ላይ መናገር ቻሉ። ራሳቸው በፋሻ ተጠምጥሟል፤ ድምፃቸው ግን ጠንካራ ነው።

"አየሁት ብዬ አልዋሽሽም ልጄ" አሉ። "ጥግ ላይ አልጋዬ ላይ ጋደም ብዬ ነበር። ሰውየው ቤቱ ባዶ መስሎት ገባ። ቀጥ ብሎ ወደ መስኮቱ ሄደ። ከዚያ ሲያነሣው ሰማሁ።"

"ምን ሰሙ አባባ?"

"'ኧረ ያንተ ያለህ!' አለ። ጮክ ብሎ አይደለም፤ በሹክሹክታ። በማን ድምፅ እንደሆነ አልለየሁትም። ከዚያ ዝም። ሌባ እኮ ያገኘውን ይዞ ይሮጣል። ይኼ ግን ቆመ። ድንጋዩን ታቅፎ ይተነፍሳል። ቤተ መቅደስ እንደገባ ሰው።" ሽማግሌው ትንሽ አሰቡ። "እኔም ተነሥቼ እስከ ደጃፍ ተከተልኩትና ክንዱን ያዝኩት። ያን ጊዜ ነው የገፈተረኝ። መቃኑ ነው ጭንቅላቴን ያገኘኝ።"

መዓዛ ከሆስፒታሉ ስትወጣ ሳጅን ቀነኒሳ መኪናው ውስጥ ሆኖ ይጠብቃት ነበር።

"የወንድማቸው ልጅ ዘመንፈስቅዱስ ከትናንት ጀምሮ ጠፍቷል" አላት። "ጎረቤቱ ሁሉ የሚያወራው ስለ እሱ ነው። ድንጋዩ አይሸጥም ብሎ ከሔራን ጋር ተጣልቷል። 'ሰማይ የሰጠንን ለገበያ አናወጣም፣ እኔ በሕይወት እያለሁ ከዚህ ቤት አይወጣም' ሲል የሰሙት ብዙ ናቸው።"

"የት ሊሄድ ይችላል?"

"እናቱ ወልድያ ናት።"

"እንግዲያው ላምበረት መናኸሪያ" አለች መዓዛ።

*

ያገኙት አውቶቡስ ውስጥ፣ መስኮት ዳር ተቀምጦ ነው። ረጅም፣ ቀጭን ወጣት ነው። እግሩ ሥር ያለውን የሸራ ሻንጣ ቀነኒሳ ለማንሣት ሲሞክር ወገቡ ተንቋቋ። ሁለቱ ፖሊሶች ተያዩ። ሻንጣው ከመናኸሪያው ግንብ ሥር ሲከፈት ግን መዶሻ፣ መጋዝ፣ መላጊያና መሮ ወጣ።

"አናጢ ነኝ" አለ ዘመንፈስቅዱስ። "መሣሪያዬን ትቼ ልሂድ እንዴ?"

"ትናንት ከሰዓት የት ነበርክ?"

"ብቻዬን። ጫካው ውስጥ ስዞር ዋልኩ። ሲሸጥ ማየት አልፈለግሁም።" አባባ መመታታቸውን ስትነግረው ግን ፊቱ አመድ መሰለ። መሣሪያውን እዚያው በትኖ ሊሮጥ ተነሣ፤ ቀነኒሳ ትከሻውን ይዞ አስቀመጠው።

"አንድ ነገር ልጠይቅህ" አለች መዓዛ። "ድንጋዩን አንሥተኸው ታውቃለህ?"

"ምን ማለትዎ ነው? እዚያ ቤት እኮ ነው ያደግሁት። ቤቱ ሲጠረግ ከቦታው የማነሣው እኔ ነበርኩ።"

መዓዛ ለቀቀችው። በመጀመሪያ ያገኘው መኪና ወደ ሆስፒታል በረረ። ቀነኒሳ ግን አልተዋጠለትም።

"ምስክር የሌለው ሰው እኮ ነው።"

"የሰረቀው ሰው በክብደቱ ደንግጧል ቀነኒሳ። ማንም አይሰማኝም ብሎ በሹክሹክታ ነው የደነገጠው። ድንጋዩን ከልጅነቱ ጀምሮ የተሸከመ ሰው አይደነግጥም። የምንፈልገው ሰው በዚያን ዕለት ገና ለመጀመሪያ ጊዜ ነው የነካው።"

*

የሐራጁ አሸናፊ አቶ ፋኑኤል ሲ.ኤም.ሲ ውስጥ ሰፊ ግቢ ባለው ቪላ ይኖራል። የግንባታ ዕቃ አስመጪ ነው። ከበሩ እስከ በረንዳው የአበባ መደብ ተዘርግቷል፤ ዙሪያው በኖራ በተቀቡ ድንጋዮች ተከቧል። ሳሎኑ ውስጥ በመስታወት ቁም ሣጥን የተደረደረው ደግሞ ሌላ ድንጋይ ነው፤ ኦፓል፣ የተቆረጠ አጌት፣ ድንጋይ የሆነ እንጨት።

"የተዘረፍኩት እኔ ነኝ ኢንስፔክተር" አለ በቅሬታ። "አንድ ሰዓት ሙሉ ተዋግቼ ያሸነፍኩትን ነገር ሌላ ሰው ይዞት ሄደ።"

ስልኩን ዘርግቶ አሳያት። የሐራጁ ገጽ ላይ ዋጋው እንደ ደረጃ ወደ ላይ ይወጣል። አንዴ ኩልሱም የምትባል ሴት፣ አንዴ ፋኑኤል፣ ደግሞ ኩልሱም፣ ደግሞ ፋኑኤል። እስከ መዝጊያው ድረስ አንዴም አልተቋረጠም።

"ይህን ሁሉ ጊዜ እዚህ ሶፋ ላይ ነበርኩ። እሷ ስትጨምር እጨምራለሁ። ያ ቤት ደግሞ ኔትወርክ እንደሌለው ልጅቷ ራሷ ጽፋለች። እዚያ ቆሞ ዋጋ መጨመር የሚችል ሰው የለም።"

"ልክ ነዎት" አለች መዓዛ። "ድንጋዩን ሄደው አይተውት ነበር?"

"በፎቶ ብቻ። ዓይኔ አይስትም፤ ፎቶ ይበቃኛል።"

ውጭ ሲወጡ ቀነኒሳ "ይኼስ ንጹሕ ነው" አለ። "ሊያሸንፍ የተቃረበውን ዕቃ የሚሰርቅ ማን ነው? ሌባ ካለ የተሸነፈችው ናት።"

*

ኩልሱም ላምበረት አካባቢ የከበሩ ድንጋዮች የምትነግድ፣ ትውልዷ ሀላባ የሆነ ጠንካራ ሴት ናት። ሱቋ ጠባብ ነው፤ የተቀመጠችበት ወንበር ግን ዙፋን ይመስላል። ፖሊሶቹን ስታይ አልተደናገጠችም።

"እንደምትመጡ አውቄያለሁ። ተቀመጪ እህቴ።" ለቀነኒሳ ወንበር ስላልተረፈ በሩ ላይ ቆመ። "ስሰማ እንባዬ ነው የመጣው። ለድንጋዩም ለሽማግሌውም።"

"ድንጋዩን አይተሽው ነበር?"

"ሳላየው ልገዛ? ወጥቼ አቀፍኩት እንጂ። እሳቸው ራሳቸው 'በሁለት እጅሽ ልጄ' ብለውኛል። ሃያ ዓመት ድንጋይ ስነካ የኖርኩ ሰው ነኝ። ያን ቀን ግን ከዚያ ቤት ወጥቼ ስወርድ መንገዱ አይታየኝም። ምድር ሳትኖር የነበረ ነገር እጄ ላይ ነበር!" እጆቿን ገልብጣ አየቻቸው።

መዓዛም ሳታስበው የራሷን እጆች አየች።

"ያን ሰዓት የት ነበርሽ?"

"እዚሁ። ይኼን ሁሉ ጎረቤት ጠይቂ፤ ከበውኝ ሲያዩ ነበር፤ 'ጨምሪ! ጨምሪ!' እያሉ ሊያሳብዱኝ።" በድንገት ፊቷ ተለወጠ። "ግን የሚገርም ነገር ልንገርሽ። ያ ሰውዬ ሰው አይመስልም ነበር። እኔ አንድ ዋጋ ለመጻፍ ላብ በላብ እሆናለሁ። እጽፋለሁ፤ እሰርዛለሁ፤ ቢስሚላሂ ብዬ እልካለሁ። ጣቴን ከስልኩ ሳላነሣ እሱ በልጦኛል። ሁልጊዜ በትንሿ ጭማሪ ብቻ። አንዴም አላሰበም፤ አንዴም አልዘገየም። ሰው ያን ያህል ነገር ሲፈልግ ያመነታል እኮ!"

መዓዛ ብድግ አለች። ቀነኒሳ የመኪናውን ቁልፍ ከኪሱ አወጣ፤ ይህን ፊቷን ያውቀዋል።

*

"ማን ይጨምር" መገናኛ አጠገብ ባለ ሕንፃ ውስጥ ጥቂት ክፍሎች ያሉት ድርጅት ነው። ሥርዓቱን የሠራው ባለሙያ ምንያህል ይባላል፤ ንግግሩ ፈጣን ነው።

"አውቶ ቢድ ነው" አለ ወዲያው። "ሰውየው በእጁ አልነበረም የሚጫረተው። እንዴት እንደሆነ ላስረዳዎት። አንድ ዕቃ ፈለጉ እንበል፤ ልብዎ የሚፈቅደው መጨረሻ መቶ ብር ነው። መቶውን ለሥርዓቱ በምሥጢር ይነግሩታል። እሱ ግን መቶ ብሎ አይጮህብዎትም። ሌላው ሃምሳ ካለ ሃምሳ አንድ ይልልዎታል። ሌላው ስልሳ ካለ ስልሳ አንድ። እርስዎ ምሳ ይበሉ፣ ይተኙ፣ እሱ መቶ እስኪደርስ ይሟገትልዎታል።"

"ስልኬን ሳልነካ?"

"ስልክዎ ቢጠፋም።"

"ካሸነፍኩ መቶ ልከፍል ነው?"

"እሱ ነው ውበቱ! የሚከፍሉት ተሸናፊው ካቆመበት አንድ እርምጃ ከፍ ያለውን ብቻ ነው። ሌላው ሰባ ላይ ከቆመ ሰባ አንድ። መቶዎ ምሥጢር ሆኖ ይቀራል፤ ሻጩም አያውቀው፣ ተጫራቹም አያውቀው። እኛም ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ አንከፍተውም።"

ከሳምንት በኋላ መዓዛ የፍርድ ቤቱን ትእዛዝ ይዛ ተመለሰችና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

የኮምፒውተሩ ማያ ላይ የተከፈተውን ጠጋ ብላ አየች። ከአገሩ አራት ማዕዘን የተሰበሰቡ ሰዎች፣ ለማንም ሳይናገሩ፣ ልባቸው ውስጥ የጻፉት የመጨረሻ ቁጥር ፊቷ ተደርድሮ ነበር። አንዲት የደሴ ነርስ መጨረሻዬ ያለችውን ቁጥር ደጋግማ ከፍ አድርጋለች፤ በመጨረሻ የጨመረችው አንድ ሰው ኪሱን አራግፎ የሚያገኘውን ሳንቲም ነበር። አንድ የጅማ መምህር ጨምሮ፣ ተጸጽቶ፣ ደግሞ ጨምሯል። መዓዛ ስንት ዓመት ሙሉ ሰው እውነቱን እንዲነግራት ስትለምን፣ ስታባብል፣ ስታስፈራራ ኖራለች። እዚህ እውነቱ ሳይጠየቅ ተቀምጦ ይጠብቃታል።

"የፋኑኤልን አሳየኝ" አለች።

ምንያህል ጠቅ አደረገ። ቀነኒሳ ጎንበስ ብሎ ዜሮዎቹን በጣቱ ተከተላቸው።

"ይኼ ሰውዬ ሲ.ኤም.ሲን በሙሉ ሊገዛ ነው እንዴ?"

"ጠዋት አስገብቶታል" አለ ምንያህል። "ከዚያ በኋላ ስልኩ ሥርዓቱን አልነካም። ቀሪው ሁሉ በራሱ የሄደ ነው።"

መዓዛ ወንበሯን ወደ ኋላ ገፋችው። "እዚህ ያሉትን ሰዎች ሁሉ እዩአቸው። የሚከፍል ሰው ይፈራል። ሁሉም ፈርተዋል። እሱ ብቻ አልፈራም፤ ምክንያቱም ሐራጁ ሲዘጋ ድንጋዩ እንደማይኖር ያውቅ ነበር። ዕቃ ከሌለ ክፍያ የለም። ማሽኑ እዚህ ሆኖ ይሟገትለታል፤ ቤተሰቡ ሚካኤል ሆኖ ዋጋውን ያያል፤ እሱ በዚያ ሰዓት ባዶ ቤት ይገባል። ሲያሸንፍ ደግሞ የሚጠረጥረው የለም። ተጎጂው እሱ ይሆናላ።"

"ሶፋዬ ላይ ነበርኩ ብሎናል" አለ ቀነኒሳ።

"ስትጨምር እጨምራለሁ ብሎናል። አንዴም አልጨመረም።"

*

ፍተሻው ግማሽ ቀን ፈጀ። ቁም ሣጥኑ፣ ምድር ቤቱ፣ ኮርኒሱ፣ የመኪናው ኮፈን ሁሉ ታየ። ምንም የለም። ፋኑኤል በረንዳው ላይ እግሩን አነባብሮ ተቀምጧል።

"ማሽን እንዲጫረትልኝ ማድረግ ወንጀል አይደለም" አለ። "ድካሙን ለመቀነስ ነው።"

መዓዛ ወደ አበባው መደብ ወርዳ ቀስ እያለች ሄደች። የሰሞኑ ዝናብ የድንጋዮቹን ኖራ አጥቦት ግራጫ አድርጎታል። ከጽጌረዳው ሥር ግን አንዱ ወተት ይመስላል። ጎንበስ አለችና በአንድ እጇ ልታነሣው ሞከረች።

ድንጋዩ እምቢ አለ።

"ኧረ ያንተ ያለህ!" አለች፤ ቃሉ ከአፏ የወጣው ሳታውቀው ነው።

በረንዳው ላይ ፋኑኤል እግሩን አወረደ። ቀነኒሳ የአትክልቱን ጎማ ስቦ ውኃ አፈሰሰበት፤ ኖራው እንደ ወተት ወረደና ከሥሩ ጥቁሩ ብቅ አለ። ላዩ ላይ ሰው በአውራ ጣቱ የተጫነው ሊጥ የመሰለ ጉድጉድ ሞልቶታል። እሳት ነው የዳበሰው። መዓዛ ተንበርክካ መዳፏን አሳረፈችበት። ቀዝቃዛ ነው። ከዚህ ከተማ፣ ከዚህ ተራራ፣ ከዚህ ሁሉ ሰው በፊት በጨለማው ውስጥ ብቻውን ሲዞር የኖረ ነገር ሲ.ኤም.ሲ መጥቶ የአበባ ድንበር ሆኖ ነበር። ሥራዋን ለአፍታ ረሳችው።

"ውጭ አገር ገዢ ነበረኝ" አለ ፋኑኤል ከኋላዋ። ድምፁ ተቀይሯል። "በሳምንቱ ሊወስደው ነበር። ከዚያ ቤት ሳነሣው ግን... መሮጥ ነበረብኝ፤ እግሬ አልታዘዝ አለኝ። ለሰውየውም አልሰጠሁትም። ጠዋት ጠዋት እየወጣሁ እንዲህ እንደ እርስዎ እጄን አደርግበታለሁ።"

"ሽማግሌውስ?"

ፋኑኤል መሬት መሬት አየ። "ክንዴን ያዙኝ። መልቀቅ አቃተኝ። እሳቸውን ሳይሆን ድንጋዩን።"

ቀነኒሳ ካቴናውን አወጣ።

*

የፋኑኤል ጨረታ ሲሰረዝ ዋጋው ተንሸራቶ ወረደ። በሐራጁ ደንብ ኩልሱም አሸናፊ ሆነች፤ የምትከፍለው ደግሞ የደሴዋ ነርስ ካቆመችበት አንድ እርምጃ ከፍ ያለውን ብቻ ነው። ሔራን አዲሱን ቁጥር ጣቢያው ውስጥ ስታየው ከንፈሯን ነከሰች። ለዓይን ቀዶ ጥገናው አይደርስም።

ኩልሱም መጣች። ድንጋዩን ከጠረጴዛው ላይ በሁለት እጇ አንሥታ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው፤ ከዚያ ወደ መዓዛ ዞረች።

"የእኔን ቁጥር አይተሽዋል አይደል? የመጨረሻውን።"

"አይቼዋለሁ።"

"እሱን ነው የምከፍለው።"

"እትዬ ኩልሱም፣ ደንቡ እኮ..." ብላ ጀመረች ሔራን።

"ደንቡን አውቀዋለሁ ልጄ። ያ የነርሷ ቁጥር ነው። እኔ ልቤን ጠይቄ ሌላ ነው የነገረኝ፤ ሌባው ከሐራጁ ስለወጣ ይቀየራል እንዴ?" ሔራን ልታቅፋት ስትነሣ በአንድ እጇ ከለከለቻት። "ቆይ፣ ቆይ፣ ድንጋዩ ይወድቃል!"

ቀዶ ጥገናው ከተደረገ በኋላ በአንድ ቅዳሜ ማለዳ መዓዛ ወደ እንጦጦ ወጣች። ዘመንፈስቅዱስ ከቤቱ በላይ ካለው አፋፍ ላይ አግዳሚ ወንበር ሠርቶላቸዋል። ሽማግሌው ጋቢ ደርበው ተቀምጠዋል፤ ፋሻው ተነሥቷል። የእግሯን ኮቴ ሲሰሙ ዞረው ከላይ እስከ ታች አዩአት።

"እንደምን አደሩ አባባ።"

"አንቺ ነሽ? ድምፅሽን ስሰማ ትልቅ ሴትዮ መስለሽኝ ነበር። ልጅ ነሽ እኮ!"

ሳቀችና አጠገባቸው ተቀመጠች። ከበታቻቸው ጉሙ እየተነሣ ነበር። አቶ ሠረቀብርሃን ዓይናቸው ከመድከሙ በፊት ቆርቆሮ ጣሪያና ዛፍ ብቻ በነበረበት ሜዳ ላይ ሕንፃዎቹ አንድ በአንድ ከጉሙ ወጡ፤ የመስታወት ግድግዳቸው ፀሐይዋን ተቀብሎ ወደ ተራራው ወረወራት። ከተማው እስከ አድማሱ ድረስ ማለቂያ የለውም።

የሽማግሌው አፍ ተከፍቶ ቀረ።

"ይኼ ሁሉ... ሰው ነው የሠራው?"

"አዎ አባባ። ያ ረጅሙ ባንክ ነው። ከእሱ ቀጥሎ ያለው ደግሞ..."

ጉልበቷ ላይ እጃቸውን አሳረፉ።

"ዝም በይ እስቲ ልጄ" አሉ። "ልየው።"